ሳይቸኩሉ የሚያድጉ የአኳሪየም ተክሎች፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ቤቶች የአሠራር መመሪያ

ከሁለት ዓመት በፊት አኑቢያስ የምትባል አንዲት የውሃ ተክል በምላጭ ለሁለት ቆረጥኩና ግማሿን ኮምቦልቻ ለምትኖረው እህቴ ሰጠኋት። እኔ ደሴ ነኝ። በመካከላችን ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከፍታው ግን በጣም ይለያያል። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ላይ፣ ጦሳ ሥር ናት። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ወርዳ ቦርከና ዳር ተቀምጣለች። አሁንም በስልክ ስናወራ መጀመሪያ የምንጠያየቀው የቅጠል ነገር ነው። የእሷ በየሦስት ሳምንቱ አዲስ ቅጠል ታወጣለች። የእኔዋ በመጀመሪያው ዓመት፣ ውሃ ማሞቂያ ሳልገዛ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር አንዲት ቅጠል ብቻ አወጣች።

ያም ሆኖ አልሞተችም። እነዚህን ተክሎች የምወዳቸው ለዚህ ነው። ብርድ፣ ደብዛዛ ብርሃን፣ የመብራት መጥፋት ይችላሉ። የማይችሉት እጃችንን ነው። በዚህ ከተማ ካየኋቸው የሞቱ ተክሎች አብዛኞቹ የሞቱት ግንዳቸው ስለተቀበረ፣ በየሳምንቱ ቦታ ስለተቀየረላቸው፣ ወይም "ይበርቱ" ተብሎ ማዳበሪያ ስለተጨመረባቸው ነው። ስለዚህ ከታች ያለውን ስታነቡ፣ ምን መሥራት እንዳለባችሁ ብቻ ሳይሆን መቼ እጅ መሰብሰብ እንዳለባችሁም ልብ በሉ።

የትኛውን ተክል ልያዝ?

አራቱን ብቻ እመክራለሁ። አኑቢያስ፣ ጃቫ ፈርን፣ ጃቫ ሞስ እና ክሪፕቶኮሪን።

አኑቢያስ የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ተክል ናት። በደን ጥላ ሥር በሚፈስ ጅረት ዳር፣ ድንጋይ ላይ ተጣብቃ ትኖራለች። ቅጠሏ ወፍራም፣ ጠንካራ፣ ጥቁር አረንጓዴ ነው። እማዬ መጀመሪያ ስታያት "ይኼ ፕላስቲክ ነው ወይ?" ብላኝ ነበር። የእኛው ጎደሬ ቤተ ዘመድ ናት። ቅጠሏን ልብ ብላችሁ ካያችሁት መልኩም ያስታውቃል። "ናና" የሚባለው ትንሹ ዓይነት ለጠባብ አኳሪየም ይሻላል።

ጃቫ ፈርን የደቡብ ምሥራቅ እስያ ተክል ነው። ቅጠሉ ረጅምና ቀጭን ነው። እሱም ድንጋይና እንጨት ላይ ይጣበቃል። ጃቫ ሞስ ደግሞ ለምለም የውሃ ሽበት ነው። ሥር የለውም። የትም ብታስሩት ይይዛል። ክሪፕቶኮሪን ከአራቱ ብቻውን ጠጠር ውስጥ የሚተከል ነው። "ቬንድታይ" የሚባለው የስሪላንካ ዓይነት ከሁሉም ይቀላል።

አሁን ቴርሞሜትር ያስፈልጋችኋል። ሌላ ነገር ከመግዛታችሁ በፊት ቴርሞሜትሩን ግዙ። የሞላ ባልዲ ውሃ አኳሪየሙን ልታስቀምጡበት ባሰባችሁት ክፍል አሳድሩና ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ለኩት። አኑቢያስና ክሪፕቶኮሪን ከ22 እስከ 28 ዲግሪ ይመቻቸዋል። ጃቫ ፈርን 18 ድረስ ደህና ይሠራል። ጃቫ ሞስ 15 ዲግሪ ላይ እንኳ ለምለም ነው፤ እንዲያውም ሙቀት ሲበዛ ነው የሚከፋው።

ደሴ ውስጥ ያለ ማሞቂያ መጀመር የሚፈልግ ሰው ጃቫ ፈርንና ጃቫ ሞስ ይያዝ። ዓሣውም ብርድ የሚችል መሆን አለበት። ጎልድፊሽ ብርድ ይችላል፤ ጃቫ ፈርንን አይነካም፣ ሞሱን ግን ይቦጭቀዋል። ኮምቦልቻ ላይ አራቱንም መያዝ ይቻላል። ግን በህዳርና በታኅሣሥ ሌሊት እዚያም ቢሆን ቴርሞሜትሩን ሳታዩ አትመኑ። ቀይ ቅጠል ያላቸውንና እንደ ሣር ምንጣፍ ወለል የሚሸፍኑትን ተክሎች በፎቶ አይታችሁ ብትጓጉም ለጊዜው ተዉአቸው። እነሱ ኃይለኛ ብርሃንና ተጨማሪ ካርቦንዳይኦክሳይድ ይፈልጋሉ።

ከየት ይመጣሉ፣ እንዴት ይጸዳሉ?

ብዙ ጊዜ የሚመጡት ከአዲስ አበባ ነው። መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለእነዚህ ተክሎች ይህ ችግር አይደለም። ውሃ በሞላ ፌስታል አታምጡአቸው። ውሃው ይንገጫገጫል፣ ቅጠል ይሰበራል። ጋዜጣ በውሃ ነክራችሁ ጠቅልሉአቸው፣ ከዚያ ፌስታል ውስጥ አድርጋችሁ አፉን እሰሩ። እንዲህ ሆነው ሁለት ሦስት ቀን ይቆያሉ። ከፀሐይና ከአውቶቡሱ ሞተር ሙቀት ብቻ ጠብቁአቸው።

ስትገዙ ቅጠሉን ሳይሆን ራይዞሙን እዩ። ራይዞም ማለት እንደ ዝንጅብል ተጋድሞ የሚያድግ ወፍራም ግንድ ነው። ቅጠሉ ከላይ፣ ሥሩ ከታች ከእሱ ይወጣል። በጣታችሁ ጫን በሉት። ጠንካራ ከሆነ ሕይወት አለው። ቅጠሉ ሁሉ ቢረግፍ እንኳ ተመልሶ ያወጣል። ልል ብሎ ከተጨመቀና መጥፎ ሽታ ካለው ቅጠሉ ምንም ቢያምር አትግዙ። በትንሽ ቅርጫት ከመጣ ቅርጫቱንና ውስጡ ያለውን እንደ ጥጥ ያለ ነገር ሙሉ በሙሉ አውጡ።

አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። "ቦርከና ዳር ተክል ሞልቶ የለ? ሐይቅስ ሄጄ ባመጣ?" የሚለኝ ሰው አይጠፋም። አታምጡ። ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች በአገራችን ወንዞችና ሐይቆች ውስጥ ይኖራሉ። ከተክሉ ጋር ተጣብቆ የመጣ አንድ የተያዘ ቀንድ አውጣ ጥገኛውን ወደ አኳሪየሙ ውሃ ይለቃል። እናንተ ደግሞ እጃችሁን በየሳምንቱ እዚያ ውሃ ውስጥ ትከታላችሁ። ልጆችም ይከታሉ። ቢልሃርዚያ የሚገባው ደግሞ በቆዳ ነው።

ከሱቅ የመጣውንም ቢሆን አጽዱት። ለአኑቢያስና ለጃቫ ፈርን በረኪና ይሆናል። ሽቶ ያልተጨመረበት፣ 5 ከመቶ ገደማ የሆነ ይሁን። 1 እጅ በረኪና በ19 እጅ ውሃ በጥብጡ። ጓንት አድርጉ። ተክሉን ከ2 ደቂቃ ላላለፈ ጊዜ ነክራችሁ አውጡ። በብዙ ውሃ እጠቡት። ከዚያ በረኪና የሚባል ሽታ እስኪጠፋ ድረስ፣ ውሃውን እየቀየራችሁ ባልዲ ውስጥ ዘፍዝፉት። ሞስና ክሪፕቶኮሪንን ግን በረኪና ይገድላቸዋል። እነሱን ለብቻ ባልዲ ውስጥ ሦስት አራት ሳምንት አቆዩአቸው። በየቀኑ እየገለበጣችሁ ቀንድ አውጣና እንደ ጄል ያለ እንቁላሉን ልቀሙ።

ድንጋይና እንጨት

ወሎ ላይ ለዚህ ሥራ የሚመች ነገር አልተፈጠረልንም አንልም። ጥቁር ድንጋይ ሞልቷል። ውሃውን አይቀይርም። ሸካራ ስለሆነ ሥር ይይዛል። ነጣ ያለ ድንጋይ ካገኛችሁ ግን በአቼቶ ፈትኑት። ጥቂት ጠብ ስታደርጉበት አረፋ ካወጣ ኖራ አለበት፤ ውሃውን ያከብደዋል፣ ማለትም ኖራ ይበዛበታል፤ ተዉት። ድንጋይ ድስት ውስጥ አትቀቅሉ። ውስጡ ውሃ ከቋጠረ ሊፈነዳ ይችላል። በብሩሽ ፈትጋችሁ የፈላ ውሃ አፍስሱበት፣ ይበቃል።

እንጨት ከሆነ ወይራ ጥሩ ነው። ግን በደንብ የደረቀ፣ ቅርፊቱ የተላጠ ይሁን። ጥድና ባሕር ዛፍ አይሆኑም። ሙጫና ዘይት አላቸው። እንጨቱን ሁለት ሦስት ሰዓት ቀቅሉት። ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ስለሆነ እኔ ሰዓቱን ጨምሬ ግማሽ ቀን እቀቅለዋለሁ። ከዚያ በርሜል ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ ውሃው ሻይ መምሰሉን እስኪያቆም በየሦስት ቀኑ ይቀየራል። ሁለት ሳምንትም ወርም ሊፈጅ ይችላል።

ለክሪፕቶኮሪን ወለል ደግሞ ለመንገድ ሥራ የሚመጣውን ሬድ አሽ አድቅቃችሁ መጠቀም ትችላላችሁ። ቀዳዳ ቀዳዳ ስለሆነ ሥር ይወደዋል። አምስት ሳፋ ውሃ እስኪቀያየር እጠቡት። መጀመሪያ የሚወጣው ቀይ ጭቃ ነው። ላዩ ላይ ሁለት ሴንቲ ሜትር የታጠበ ጥሩ አሸዋ ጨምሩ፤ ሬድ አሽ ሹል ነው፣ መሬት ለመሬት የሚሄድ ዓሣ ሆዱን ይጭርበታል። ሬድ አሹና አሸዋው አብረው ስድስት ሰባት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይበቃቸዋል። አሸዋውን ከከተማና ከፋብሪካ በታች ካለ ወንዝ አትቀበሉ።

ውሃ

የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው። አፉ በሰፊው ክፍት በሆነ ባልዲ ወይም ሳፋ 24 ሰዓት ስታቆዩት ይተናል። ጀሪካን አፉ ጠባብ ስለሆነ አይበቃም። እኛ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣልን ሁልጊዜ ቢያንስ ሁለት ባልዲ የቆየ ውሃ ለአኳሪየሙ ብቻ አስቀምጣለሁ። ባልዲው ላይ በማርከር "የዓሣ" ብዬ ጽፌበታለሁ፤ ሳሙና የነካው ባልዲ አንድ ጊዜ ከገባ ጣጣ ነው። ውሃው ጠፍቶ ሰንብቶ ሲመለስ ደግሞ የመጀመሪያውን ድፍርስ አትቅዱ።

የውሃችሁን ክብደት ለማወቅ ማንቆርቆሪያችሁን ክፈቱና ውስጡን እዩ። ነጭ ቅርፊት ከያዘ ውሃው ከባድ ነው። አይጨንቃችሁ። አራቱም ተክሎች ይችሉታል። ዓሣ ስትመርጡ ነው የሚያስፈልጋችሁ።

ደሴ ላይ ሌላ ነገር አለ። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል ሲነጻጸር በሩብ ያህል ስለሚያንስ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ዝግተኛ ተክሎች ደግሞ ብዙ ኦክስጅን አያመነጩም። ስለዚህ "ተክል አለኝ" ብላችሁ የአየር ፓምፑን አታጥፉ። ዓሣም አታብዙ።

እንዲሁም አዲስ አኳሪየም ዓሣ ከመቀበሉ በፊት ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ያስፈልገዋል። የዓሣን ቆሻሻ የሚያጣሩት ባክቴሪያዎች ፊልተሩ ውስጥ የሚባዙት በዚህ ጊዜ ነው። በየቀኑ ቆንጥራችሁ ትንሽ የዓሣ ምግብ ጨምሩ፤ ሲበሰብስ የሚወጣው አሞኒያ ለባክቴሪያዎቹ ቀለብ ነው። ፈጣን ተክሎች አሞኒያውን ራሳቸው ስለሚበሉ በዚህ ያግዛሉ። የእኛዎቹ ግን ምግባቸው ትንሽ ስለሆነ በእነሱ ተማምናችሁ ቀኑን አታሳጥሩ።

አሁን እንትከል

በዚህ ላይ ጊዜ ልውሰድ። የሚበላሸው እዚህ ነው።

አኑቢያሷን እርጥብ ፎጣ ላይ አጋድሟት። ሥሯ በጣም ረጅም ከሆነ በመቀስ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል አስቀርታችሁ ከርክሙ። ቢጫ ቅጠል ካለ ከሥሩ ቁረጡ። ከዚያ ድንጋዩ ላይ ስንጥቅ ወይም ጎድጎድ ያለ ቦታ ፈልጉ። ራይዞሙ እዚያ ላይ ይተኛል። ሥሩ ወደ ታች፣ ቅጠሉ ወደ ላይ። ከዚያ በክር ታስራላችሁ።

የእኔ ክር የእማዬ ፈትል ነው። በእንዝርት የፈተለችው። አንድ ቀን ኩታ ልታሠራ ካስቀመጠችው ላይ ክንድ የሚያህል ለመንኳትና ለምን እንደሆነ ስነግራት ራሷ ልታስረው መጣች። ድንጋዩን በግራ እጇ ይዛ፣ ክሩን በቅጠሎቹ መካከል እያሳለፈች፣ ሕፃን እንደምታዝል ሴት ጠበቅ ግን ሳይጎዳ ጠመጠመችው። ልኩ ያ ነው። ተክሉን ነካ ስታደርጉት መነቃነቅ የለበትም፤ ክሩ ግን ራይዞሙ ውስጥ መስመጥ የለበትም። ሁለት ቦታ ከታሰረ ይበቃል።

የጥጥ ክር ውሃ ውስጥ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ መበስበስ ይጀምራል። ሞስና ጃቫ ፈርን እስከዚያ ድረስ ይይዛሉ። አኑቢያስ ግን ዝግተኛ ስለሆነች አንዳንዴ ክሩ ይቀድማታል፤ ተንሳፍፋ ታገኟታላችሁ። እንደገና ማሰር ነው። መድገም የማይፈልግ ሰው የዓሣ ማስገሪያ ናይለን ይጠቀም። ሱፐር ግሉም ይሆናል። ጄል የሆነውን ምረጡ። ድንጋዩን አድርቃችሁ ሁለት ጠብታ አድርጉ፣ የሥሩን ጫፍ ብቻ ተጭናችሁ እስከ 30 ቁጠሩ፣ ውሃ ውስጥ ክተቱት። ነጭ ሆኖ ይደርቃል። ዓሣ አይጎዳም።

ዋናው ሕግ ይኸውና። ራይዞም አይቀበርም። አኑቢያስንና ጃቫ ፈርንን አሸዋ ውስጥ እንደ ሽንኩርት ከተከላችኋቸው ራይዞሙ ይበሰብሳል። ቅጠሉ ለአንድ ወር አረንጓዴ ሆኖ ያታልላችኋል። ከዚያ አንድ ቀን ነካ ስታደርጉት ከነሥሩ በእጃችሁ ይመጣል።

ሞስን በመቀስ በአጭር በአጭሩ ክተፉት። እንጨቱ ላይ በስሱ በትኑት፣ እንጨቱ በመካከሉ እስኪታይ ድረስ። ወፍራም ከሆነ የታችኛው ብርሃን አጥቶ ይበሰብሳል። ከዚያ ክሩን ዙሪያውን ጠምጥሙ።

ክሪፕቶኮሪን ሲተከል በጣታችሁ አሸዋው ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሩ፣ ሥሩን ጠልቆ እስኪገባ አስገቡት፣ ከዚያ ትንሽ ወደ ላይ ሳብ አድርጉት። ቅጠልና ሥር የሚገናኙበት ነጣ ያለው ቦታ ከአሸዋው በላይ መታየት አለበት። በአንድና በሌላው መካከል አንድ ስንዝር ተዉ። ዛሬ ባዶ ይመስላል። በዓመቱ ይሞላል።

ብርሃን

አኳሪየሙን መስኮት ሥር አታስቀምጡ። ደሴ ላይ የበጋው ፀሐይ ብርድ ቢኖርም ኃይለኛ ነው። በአንድ ሳምንት መስተዋቱ አረንጓዴ ይሆናል።

የእኔ አኳሪየም 60 ሊትር ገደማ ነው። 60 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፣ 30 ይሰፋል፣ 35 ከፍ ይላል። ከላዩ አንድ ተራ ባለ 7 ዋት ነጭ ኤልኢዲ አምፖል አለ። ካርቶኑ ላይ 6,500 የሚል ቁጥር አለው፤ የቀን ብርሃን የሚመስል ማለት ነው። ከውሃው 25 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ተሰቅሏል። ሌላ የለኝም።

በቀን 6 ሰዓት በቂ ነው። ለረጅም ጊዜ ደህና ከሄደ ወደ 8 ሰዓት ማሳደግ ይቻላል። እኔ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ ማታ 2 ሰዓት አበራለሁ፤ ከሥራ ስመለስ በርቶ ስለማገኘው። ዋናው ነገር ሰዓቱ በየቀኑ አንድ መሆኑ ነው። ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ አድርጉ፣ ወይም በሰዓት የሚሠራ ማብሪያ ግዙ። መብራት ሄዶ ሁለት ቀን ቢቆይ ለተክሎቹ አትጨነቁ። "ትናንት ስላልበራ ዛሬ 12 ሰዓት ላብራ" ማለት ግን ስህተት ነው። ያንን ትርፍ ብርሃን የሚበላው አልጌ ነው።

ምግብ

ዓሣ ካለ ቆሻሻው ለአኑቢያስና ለሞስ ይበቃል። የጃቫ ፈርን አሮጌ ቅጠል ላይ ትንንሽ ቀዳዳ ካያችሁ ብዙ ጊዜ ፖታሲየም አንሶት ነው። የአኳሪየም ፈሳሽ ማዳበሪያ ካገኛችሁ ጠርሙሱ ላይ ከተጻፈው ግማሹን ስጡ፤ በሳምንት አንዴ።

ዩሪያና ዳፕ ግን በጭራሽ። ይህንን የምለው ደርሶብኝ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ቅጠል አላወጣ ስትለኝ ከገበሬ ዘመዴ የተረፈች አንድ ቁንጥር ዩሪያ ጨመርኩ። ለጤፍ የሚሆን ለዚህ ምን ያደርጋል ብዬ ነበር። ዩሪያ ውሃ ውስጥ ዓሣን ወደሚመርዝ አሞኒያ ይቀየራል። ዓሣዎቹ በማግስቱ ላይ ወጥተው አፋቸውን እየከፈቱ አየር ይፈልጉ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ውሃ ስቀይር አድሬ ከአምስቱ ሁለቱ ተረፉ። አኑቢያሷ አልተለወጠችም። የፈለገችው ማዳበሪያ ሳይሆን ሙቀት ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ክሪፕቶኮሪን በተከላችሁ በሳምንት ውስጥ ቅጠሉ እንደ ተቀቀለ ጎመን ሊሟሽሽ ይችላል። ሁሉም ቅጠል ሊሄድ ይችላል። ይህ ሞት አይደለም። ቦታና ውሃ ሲቀየርበት የሚያደርገው ነው። የሟሸሸውን ቅጠል ልቀሙ፣ ሥሩን ግን አትንቀሉ። ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ከአሸዋው ውስጥ ቡናማ ሹል ጫፍ ብቅ ይላል። እህቴ ኮምቦልቻ ላይ "ሞተ" ብላ ልትጥለው ስትል በስልክ ከለከልኳት። ዛሬ የእሷ ክሪፕቶኮሪን ግማሽ ወለሉን ሸፍኗል።

የጃቫ ፈርን ቅጠል ጀርባ ላይ በተራ የተደረደሩ ጥቁር ነጥቦች ብታዩ በሽታ መስሏችሁ አትቁረጡ። ስፖር፣ ማለትም እንደ ዘር ያለ ዱቄት የሚይዝበት ነው። ቆይቶ ከቅጠሉ ጫፍ ላይ ጥፍር የሚያክሉ ልጆች ይወጣሉ፤ የራሳቸው ሥር አላቸው።

በየሳምንቱ ከውሃው ሩቡን ያህል ቀይሩ። ለእኔ 15 ሊትር ነው፤ አንድ ትልቅ ባልዲ። አዲሱ ውሃ ከአሮጌው ጋር ተቀራራቢ ሙቀት ይኑረው፤ ደሴ ላይ ትንሽ የሞቀ ውሃ ቀላቅሉበት። የሚወጣው ውሃ ለጓሮ ጎመን ግሩም ነው፣ አትድፉት።

አልጌ ሲመጣ

ይመጣል። ቅጠላቸው ለወራት ስለሚቆይ አልጌ ለመቀመጥ ጊዜ ያገኛል። በተለይ አኑቢያስ ላይ አረንጓዴ ነጠብጣብ ወይም ጥቁር ጺም የመሰለ ነገር ይታያል። መጀመሪያ የብርሃኑን ሰዓት ወደ 5 ቀንሱ። ሁለተኛ ድንጋዩን ከነተክሉ አንስታችሁ እንጨቱ ጥላ ውስጥ አስቀምጡ። ድንጋዩን ማንሳት ተክሉን መንቀል አይደለም። ሦስተኛ የዓሣ ምግብ ቀንሱ፤ በሁለት ደቂቃ ተበልቶ የማያልቅ ምግብ የአልጌ ቀለብ ነው። ቅጠሉን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ይዛችሁ ቀስ አድርጋችሁ ጥረጉ። በጥቁር ጺም ሙሉ በሙሉ የተሸፈነ ቅጠል ከሆነ ቁረጡት።

ብርድና የመብራት መጥፋት

ለ60 ሊትር ደሴ ላይ የ100 ዋት ሂተር ይዣለሁ። 24 ላይ አድርጌዋለሁ። ሂተር ከገባ በኋላ አኑቢያሷ በወር አንድ ቅጠል ማውጣት ጀመረች። ውሃ ስትቀይሩ ሂተሩን ነቅላችሁ 15 ደቂቃ ጠብቁ፤ ትኩስ ሆኖ ከውሃ ከወጣ ይሰነጠቃል። ገመዱ ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ጎበጥ ብሎ እንዲመለስ አድርጉት፤ ጠብታ ወደ ሶኬቱ እንዳይወርድ።

መብራት ሌሊት ከጠፋ አኳሪየሙን በብርድ ልብስ ወይም በአሮጌ ጋቢ ጎንና ጎኑን ጠቅልሉት። ከላይ ለአየር ትንሽ ክፍት ይሁን። ካስፈለገ ሙቅ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልታችሁ፣ ክዳኑን አጥብቃችሁ፣ ውሃው ላይ አንሳፍፉት። ይህ ሁሉ ለዓሣው ነው። አኑቢያሷ አንድ ቀዝቃዛ ሌሊት ምንም አይላትም።

መቼ ይከፋፈላል?

አኑቢያስ ስምንትና ከዚያ በላይ ጤነኛ ቅጠል ሲኖራት። አዲስ ምላጭ ተጠቀሙ። እያንዳንዱ ቁራጭ ቢያንስ አራት ቅጠልና ጥቂት ሥር ይያዝ። በአንድ ጊዜ፣ ሳታወላውሉ ቁረጡ። እዚያው አኳሪየም ውስጥ ከድንጋዩ ላይ ሳታወርዱ ራይዞሙን ቆርጣችሁ መተውም ይቻላል፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከተቆረጠበት ጎን አዲስ ቡቃያ ሲታይ ትለያላችሁ። እኔ አሁን የምመርጠው ይህን ነው። የጃቫ ፈርን ልጆች ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ሲሆኑ ቀስ ብላችሁ ሳብ አድርጉአቸው፤ ከለቀቁ ደርሰዋል፣ ካልለቀቁ ተዉአቸው። ሞስ በፈለጋችሁ ጊዜ በመቀስ ይከረከማል።

የተረፋችሁን ቦርከና ወይም ሐይቅ ውስጥ አትጣሉ። እምቦጭ ጣና ላይ ያደረገውን አይተናል። የማትፈልጉትን ፀሐይ ላይ አድርቁት። ጤነኛውን ለሰው ስጡ። እኔ ባለፈው ሳምንት ሁለተኛ ቁራጭ በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልዬ፣ ራይዞሙን እንዳትቀብረው ወረቀት ላይ ጽፌ ውስጡ ከትቼ፣ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርድ ሚኒባስ ለእህቴ ጎረቤት ልኬያለሁ።